የ16 ዓመት ልጅ ብሔራዊ ቡድን የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄ፦ «ላሚን ያማል በ16 ዓመቱ የአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ። ቀደም ሲል የ18 ዓመት ልጅ እንኳ ብርቅ ነበር። አሰልጣኞቹ ደፋር ሆነው ነው ወይስ የዛሬ ልጆች እውነትም ቶሎ ይበስላሉ? እኔ ከ15 ዓመት በታች ልጆች አሰለጥናለሁ። አንዱ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ እኩዮቹን ግን በጣም ይበልጣቸዋል። ከትልልቆቹ ጋር ላሰልፈው ወይስ ይቆይ?»

ምላሽ፦

ደፋር አሰልጣኝ ያስፈልጋል፤ ድፍረቱ ግን የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። የዛሬ ልጅም ከድሮው ልጅ ቀድሞ ሰው አልሆነም። የተለወጠው ልጁ ከ16 እስከ 19 ዓመቱ ድረስ ከማን ጋር ስንት ደቂቃ ይጫወታል የሚለው ነገር ነው። በእነዚያ ሦስትና አራት ዓመታት ውስጥ ከአዋቂ ጋር የሚጫወትበት ቦታ ያበጀ አገር ወጣት ያወጣል፤ ያላበጀ አገር ደግሞ የታዳጊ ዋንጫ ያነሳና ልጆቹ የት እንደገቡ ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከያማል እንነሳ። የተወለደው ጁላይ 13 ቀን 2007 ነው። ለባርሴሎና ዋና ቡድን መጀመሪያ የተጫወተው አፕሪል 2023 ላይ፣ 16 ዓመት ሳይሞላው ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ስፔን ትብሊሲ ሄዳ ጆርጂያን 7 ለ 1 ስታሸንፍ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ግብም አስቆጠረ። የአውሮፓ ዋንጫው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ የውድድር ዓመት ብቻ ለክለቡ 50 ጨዋታ ተጫውቷል። አሰልጣኙ ልዊስ ዴ ላ ፉዌንቴ ያሰለፈው እንግዲህ በየሦስት ቀኑ ከአዋቂ ተከላካይ ጋር ሲጋጠም የከረመን ልጅ ነው። «ልሞክረው» ብሎ ያስገባው አልነበረም።

ጁላይ 9 ቀን 2024 ሙኒክ ላይ ፈረንሳይ በ9ኛው ደቂቃ በኮሎ ሙዋኒ የጭንቅላት ኳስ መራች። በ21ኛው ደቂቃ ያማል ከግቡ 25 ሜትር ገደማ ርቆ ኳስ ያዘ፤ ፊቱ አድሪያን ራቢዮ ቆሟል። ራቢዮ ረጅምና ልምድ ያለው ተጫዋች ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ቢገጥሙ ልጁ አያሸንፍም። ያማልም ትከሻውን አልነካውም። ኳሷን በትንሹ ወደ ግራ እግሩ ሳብ አድርጎ የምታልፍባትን ክፍተት ሠራ፣ ወዲያው መታት፤ የሩቁን ቋሚ ውስጠኛ ጎን መትታ ገባች። ዕድሜው 16 ዓመት ከ362 ቀን ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በአውሮፓ ዋንጫ ግብ ካስቆጠሩት ሁሉ ታናሹ ተጫዋች በ2004 ለስዊዘርላንድ የተጫወተው ዮሐን ፎንላንተን ነበር፤ እሱም በ18 ዓመት ከ141 ቀኑ። አንድ የዕድሜ ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ሲወርድ የልጁ ተሰጥኦ ብቻ አያስረዳውም።

(የጎን ጨዋታ ትሁንና፣ የጀርመን ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ስፖርተኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲሠራ አይፈቅድም። ጨዋታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲጀምር ተጨማሪ ሰዓት ከመጣ ልጁ ሕግ ጥሶ ነው የሚጫወተው። ስፔኖች ሲቀይሩት ሰዓታቸውን እያዩ ነው ወይ ተብሎ ብዙ ተቀልዷል። ልጁ በካምፑ ውስጥ የትምህርት ቤት የቤት ሥራውንም ይሠራ ነበር።)

ስለ ስፔን ሲወራ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ልጁ የገባበትን ቡድን ነው። ዴ ላ ፉዌንቴ ዋናውን ቡድን የያዘው በ2022 መጨረሻ ቢሆንም ተጫዋቾቹን የሚያውቃቸው ከልጅነታቸው ነው። በ2015 ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ሲያነሳ ኡናይ ሲሞን፣ ሮድሪና ሚኬል ሜሪኖ አብረውት ነበሩ። በ2019 ከ21 ዓመት በታቹን ሲያሸንፍ ፋቢያን ሩይዝ፣ ዳኒ ኦልሞና ሚኬል ኦያርዛባል ነበሩ። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይም ብር ይዘው ተመለሱ። በርሊን ላይ በፍጻሜው ሮድሪ ተጎድቶ በእረፍት ሰዓት ሲወጣ የተተካው ዙቢሜንዲ የቶኪዮ ልጅ ነው። በ86ኛው ደቂቃ አሸናፊዋን ኳስ ያቀበለው ኩኩሬያም፣ ያገባት ኦያርዛባልም የቶኪዮ ልጆች ናቸው። ያማል ከቀኝ መስመር ገብቶ ለኒኮ ዊሊያምስ ያቀበላት የመጀመሪያዋ ግብ የተገኘችው በዚህ ማገር ላይ ነው። ማገሩ በሌለበት ቡድን ውስጥ ሁለት ተአምረኛ ልጆች ብታስገቡ ኳስ ሲጠፋ ማን ይሸፍናቸዋል?

እንዲህ ያለ ማገር ከባዶ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ ጀርመን፣ ወደ 2000 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብና አንድ ግብ ይዛ ከምድቧ መጨረሻ ወጣች። በመሃል ተከላካይነት የተሰለፈው ሎታር ማቴዎስ 39 ዓመቱ ነበር። ውርደቱ ፌዴሬሽኑንና ክለቦቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ የቡንደስሊጋና የሁለተኛው ሊግ ክለብ ሁሉ የታዳጊ ማሠልጠኛ ከሌለው ፈቃድ አያገኝም ተባለ። ፌዴሬሽኑ ደግሞ በ2002 በመላ አገሪቱ ወደ 390 የሚጠጉ ማዕከላት ከፍቶ የትንንሽ ክለብ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ተጨማሪ ልምምድ እንዲያገኙ አደረገ። ልጁ ክለቡን አይለቅም፤ መንደሩን አይለቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን የተሻለ አሰልጣኝ ያየዋል። ከዕቅዱ ሁሉ ርካሹና ብልሁ ይህ ይመስለኛል።

ውጤቱ ግን ወዲያው አልመጣም። በ2009 ማልሞ ላይ ከ21 ዓመት በታች ፍጻሜ ጀርመን እንግሊዝን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከዚያ ቡድን ውስጥ ኖየር፣ ሁመልስ፣ ቦአቴንግ፣ ሆቬደስ፣ ኬዲራና ኦዚል በ2014 ሪዮ ላይ የዓለም ዋንጫን አነሱ። ከውርደቱ እስከ ዋንጫው 14 ዓመት ነው። ፌዴሬሽን በአራት ዓመት ዕቅድ ወጣት አወጣለሁ ሲል ከሰሙ ይህን ቁጥር ያስታውሱ።

ፋብሪካው ግን ራሱ በሽታ ያመጣል። ጀርመን በ2018ም በ2022ም ከዓለም ዋንጫ ምድብ ሳታልፍ ቀረች። በአገሬው የተነሳው ወቀሳ አንድ ነበር፦ አካዳሚዎቹ ቅብብል የሚያውቁ ተመሳሳይ አማካዮችን ቀፍቅፈው አንድ ለአንድ ተጋጥሞ የሚያልፍ የመስመር ተጫዋችና የሳጥን ውስጥ አጥቂ ማውጣት አቃታቸው። ስለዚህ ከ2024/25 የውድድር ዓመት ጀምሮ የሕፃናቱን ጨዋታ ለወጡት፤ ትንንሾቹ ሁለት ለሁለትና ሦስት ለሦስት በትንንሽ ግቦች ይጫወታሉ፣ ተራ በተራ ይቀያየራሉ፣ የደረጃ ሰንጠረዥ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰባት ለሰባት ሲጫወቱ ጎልማሳ የመሰለው አንድ ልጅ ኳሷን ይዞ ይሄዳል፤ አራቱ ቆመው ያያሉ። ሁለት ለሁለት ላይ ግን መደበቂያ የለም። ቤልጂየምም በራሷ ሜዳ በተዘጋጀው በ2000ው ውድድር ከምድብ ስትወድቅ ወደዚሁ መንገድ ገብታ ነበር። በፌዴሬሽኗ የቴክኒክ ዳይሬክተር በሚሼል ሳብሎን መሪነት ከሁለት ለሁለት ወደ አምስት ለአምስት፣ ወደ ስምንት ለስምንት የሚያድግ ሥርዓት ዘረጋች፣ የሕፃናቱንም የደረጃ ሰንጠረዥ አነሳች።

ፈረንሳይ ቀድማለች፤ ክሌርፎንቴን የተባለው ብሔራዊ ማሠልጠኛዋ በ1988 ነው የተከፈተው። ቲዬሪ ሆንሪና ኪሊያን ምባፔ ያለፉበት ነው። የፓሪስና የአካባቢው ልጆች ለሁለት ዓመት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ አድረው ይማራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈር ክለባቸው ይጫወታሉ። እንግሊዝ ዘግይታ በ2012 የአካዳሚዎችን ደረጃ የሚመድብ ዕቅድ አወጣች፣ በዚያው ዓመት የሴንት ጆርጅ ፓርክን ማዕከል ከፈተች። በ2017 ከ17 ዓመት በታችና ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫዎችን በአንድ ዓመት አነሳች። ከ17 ዓመት በታቹ ፍጻሜ ኮልካታ ላይ ስፔንን 5 ለ 2 ሲያሸንፉ የውድድሩ ኮከብ ፊል ፎደን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ልጁን ከታዳጊ ጨዋታ ወደ አዋቂ ጨዋታ ወደሚያሻግረው ድልድይ እንምጣ። ናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን አምስት ጊዜ አንስታለች፤ ጋና ሁለት ጊዜ። ታዲያ ልጅ ማግኘት ብቻ በቂ ቢሆን ሁለቱ በዋናው የዓለም ዋንጫ የት በደረሱ ነበር። ቪክቶር ኦሲምሄን በ2015 ውድድር 10 ግብ አግብቶ ሲወጣ ጀርመን ሄደ፤ እግሩ የተፈታው ግን ቤልጂየም ውስጥ ሻርለሯ ወደሚባል ክለብ በውሰት ሄዶ በየሳምንቱ መጫወት ሲጀምር ነው። የ17 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ልጆች ጋር እየተጫወተ ሲቆይ ተሰጥኦው ያሳልፈዋል፤ ስህተቱ አይቀጣም። ከ28 ዓመት ተከላካይ ጋር ሲጋጠም ግን አንድ ንክኪ ስታስረዝም ኳሷ ትወሰዳለች። ያ ቅጣት ነው የሚያስተምረው።

ይህን ቅጣት የሚሰጡበት መንገድ እንደየአገሩ ይለያያል። ስፔን ውስጥ የባርሴሎና፣ የሪያል ሶሲዳድና የአትሌቲክ ቢልባኦ ቢ ቡድኖች፣ ማለትም ከዋናው ቡድን ሥር ያሉት የወጣት ቡድኖች፣ በታችኞቹ የሊግ እርከኖች ከአዋቂ ክለቦች ጋር ነጥብ ይታገላሉ። እዚያ ተጋጣሚህ የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ጉርሻ ፍለጋ የሚጫወት የ32 ዓመት ሰው ነው፤ ለልጅነትህ አያዝንም። ኔዘርላንድስ የአያክስን ወጣት ቡድን ሁለተኛው ሊግ ውስጥ አስገብታለች፣ ፖርቱጋልም እንዲሁ። እንግሊዝ ቢ ቡድን በሊግ ስለሌላት በውሰት ትሠራለች፤ ስለዚህም የልጁ ዕጣ የሚወሰነው በተዋሰው ክለብ አሰልጣኝ ነው፣ አሰልጣኙ ደግሞ በኅዳር ሊባረር ይችላል። ጁድ ቤሊንግሃም ይህን ሁሉ የዘለለው በ16 ዓመቱ በበርሚንግሃም ሲቲ በሁለተኛው እርከን አንድ ሙሉ ዓመት፣ 44 ጨዋታ ስለተጫወተ ነው። ከዚያ ዶርትሙንድ ሲሄድ ቦታው ተጠብቆለት ነበር።

ድልድዩን ሳይሻገሩ የዘለሉም አሉ። ማርቲን ኦዴጋርድ በ2014 በ15 ዓመቱ ለኖርዌይ ተሰለፈ፤ ጃንዋሪ 2015 ሪያል ማድሪድ ገባ። ዝናው ጣሪያ ነካ፣ ደቂቃው ግን አልነበረም። ሰው የረሳው ሲመስል ሄረንፌን፣ ከዚያ ቪቴስ፣ ከዚያ ሪያል ሶሲዳድ በውሰት ተጫወተና እንደገና ተሠራ። አሌክሳንደር ኢሳክም መንገዱ ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2017 ለስዊድን ግብ ያስቆጠረ ታናሹ ተጫዋች ሆኖ ዶርትሙንድ ሄደና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተረሳ። በ2019 ለግማሽ የውድድር ዓመት ቪለም 2 ወደሚባል የኔዘርላንድስ ክለብ ሲሄድ በ16 የሊግ ጨዋታ 13 ግብ አገባ። እግሩ ያው እግር ነው፤ የጎደለው ሜዳ ብቻ ነበር።

ሕጉም ረድቷል፣ በአጭሩ ልለፈው። ከ2020 ወዲህ አምስት ቅያሪ ይፈቀዳል፣ የአውሮፓ ዋንጫ ቡድንም 26 ሰው ሆኗል፤ ሁለቱ ተደምረው ልጅን በ70ኛው ደቂቃ ለማስገባት ያለውን ሥጋት ቀነሱት። በአውሮፓ የክለቦች ውድድር ከሚመዘገቡት 25 ተጫዋቾች ስምንቱ በአገር ውስጥ ያደጉ መሆን አለባቸው፤ ከእነሱም አራቱ በራሱ በክለቡ። ሌላው ምክንያት ብዙም አይወራም፦ ሁለት አገር የመምረጥ መብት ያለው ልጅ። ፊፋ በ2020 ባሻሻለው ደንብ ተጫዋቹ 21 ዓመት ሳይሞላው ለዋናው ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ከተጫወተ፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ መድረክ ካልተሰለፈና ከመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ዓመት ካለፈው አገር መቀየር ይችላል። ስለዚህ ፌዴሬሽኖች ይሽቀዳደማሉ። የያማል አባት ከሞሮኮ፣ እናቱ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ናቸው፤ ስፔን በ16 ዓመቱ የጠራችው ለኳሱ ብቻ ነው የሚል ካለ የዋህ ነው።

የሚበላሸው ነገርስ? ብዙ ነው። ፔድሪ በ2020/21 ለክለቡና ለአገሩ በድምሩ 73 ጨዋታ ተጫወተ፤ የአውሮፓ ዋንጫውን ጨርሶ በዚያው ክረምት ቶኪዮ ኦሎምፒክ ሄደ። የተከተለው የውድድር ዓመት በጭን ጡንቻ ጉዳት ተቆራረጠበት። አንሱ ፋቲ በ17 ዓመቱ ለስፔን ግብ አስቆጥሮ ታናሹ ግብ አግቢ ተብሎ ነበር፤ 18 እንደሞላው ጉልበቱ ተጎዳና ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጋቪ ኖቬምበር 2023 ስፔን ማለፏ አስቀድሞ በተረጋገጠበት የማጣሪያ ጨዋታ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ የአውሮፓ ዋንጫው አለፈው። ሬናቶ ሳንቼዝ በ2016 በ18 ዓመቱ ከፖርቱጋል ጋር ዋንጫ አንስቶ የውድድሩ ምርጥ ወጣት ሲባል ዓለም የእሱ ይመስል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጉዳትና ወንበር ተፈራረቁበት። የጉልበት አደጋ ሁሉ የድካም ውጤት ነው አልልም፤ በንክኪ የሚመጣ አለ። ነገር ግን የደከመ ጡንቻ መገጣጠሚያን አይጠብቅም፣ የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ «ደክሞኛል» አይልም፤ ቦታው የሚወሰድበት ይመስለዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ልጅ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይለኩ፦ ቁመት። አብዛኞቹ አውሮፓውያን የታዳጊ ቡድን የሚመድቡት ከጃንዋሪ 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ፣ ጀምሮ ነው፤ በታዳጊ ብሔራዊ ቡድኖቻቸው ውስጥም በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት ይበዛሉ። የጃንዋሪ ልጅ ከዲሴምበር ልጅ ጋር «እኩያ» ተብሎ ሲሰለፍ በእውነቱ አንድ ዓመት ገደማ ይበልጠዋል። እርስዎ በመስከረም ቢመድቡም በሽታው ያው ነው፤ የመስከረምና የጥቅምት ልጆች ይመረጣሉ፣ የነሐሴዎቹ ወንበር ይሞቃሉ። በዚህ ላይ ጉርምስና ለሁሉም እኩል አይመጣም። ስለዚህ «ከእኩዮቹ ይልቃል» ከማለትዎ በፊት በኳስ ነው በአጥንት የሚለውን ይለዩ።

አካዳሚዎቹ ለዚህ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና የወላጆቹን ቁመት የሚያሰላ ዘዴ አላቸው። ሻካራውን ስሌት በወረቀት መሥራት ይቻላል። የአባትና የእናትን ቁመት በሴንቲ ሜትር ይደምሩ፣ 13 ይጨምሩ፣ ለሁለት ያካፍሉ። አባት 170፣ እናት 160 ከሆኑ 343 ለሁለት ሲካፈል 171.5 ይመጣል። ልጁ ሲያድግ የሚደርስበት ግምት ይህ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። አሁን የ14 ዓመቱ ልጅ 165 ከሆነ 96 በመቶ ደርሷል ማለት ነው፤ ቀድሞ ጎርምሷል፣ ከብልጫው ከፊሉ ጡንቻ ነው፣ ሌሎቹ ሲያድጉ ይሟሽሻል። ይህ ልጅ ቢቸግርም ወደ ትልልቆቹ መሄድ አለበት፤ በእኩዮቹ መካከል ከቆየ ኳስ ገፍቶ መሮጥ ብቻ ይለምዳል። 150 ሆኖ ከሆነ የሚበልጣቸው ደግሞ ገና 87 በመቶ ላይ ነው፤ አካሉ ሳይረዳው የሚበልጥ ልጅ ነውና ይጠንቀቁለት። እሱን ግጭት ወዳለበት ጨዋታ ከመላክ ይልቅ ልምምዱን ማክበድ ይሻላል። ዕድሜ ቀንሶ ማስመዝገብ እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው፤ የልጁን እውነተኛ ዕድሜ የማያውቅ አሰልጣኝ ስሌቱ ሁሉ ባዶ ነው።

ቁመቱን በየሦስት ወሩ፣ ጠዋት፣ ያለ ጫማ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ይለኩ። በሦስት ወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከጨመረ የዕድገት ፍንዳታ ውስጥ ነው። በዚያ ወቅት አጥንቱ ከጡንቻው ይቀድማል፤ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው ጉብታና ተረከዙ ይታመማሉ፣ ኳስ የሚቆጣጠርበት ቅልጥፍናም ለጊዜው ይጠፋል። ብዙ አሰልጣኝ ልጁ ሰነፈ ብሎ የሚያባርረው ያኔ ነው። ዝላይና ፈጣን ሩጫ ይቀንሱለት እንጂ አያባርሩት።

ለልምምዱ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ስፔኖች ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያሠሩትን አራት ለአራት ሲደመር ሦስት እሰጥዎታለሁ። 20 ሜትር በ12 ሜትር አራት ማዕዘን ያስምሩ። የመጀመሪያው ቡድን አራቱ በረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ። ሁለተኛው ቡድን አራቱ ውስጥ ገብተው ያባርራሉ። ሦስቱ ገለልተኞች ኳስ ከያዘው ቡድን ጋር ናቸው፤ ሁለቱ በአጫጭሮቹ ጫፎች፣ አንዱ መሃል። አባራሪዎቹ ኳሷን ሲነጥቁ ወዲያው ወደ ጎኖቹ ይበተናሉ፣ የተነጠቁት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ንክኪ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት፣ አምስት ዙር። ያንን ትንሹን ልጅ መሃል ያድርጉት፤ በአራት ሰው ተከቦ ኳሷ ሳትደርስ አንገቱን ካላዞረ ይነጠቃል። የ16 ዓመት ልጅን ከአዋቂ ጋር የሚያኖረው ይህች አንገት ናት። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሜዳው ሲሰፋ ነው፤ ጫና ስለማይኖር ልጆቹ ቆመው ይቀባበላሉ። ሁለተኛው አሰልጣኙ «ለእገሌ ስጠው» እያለ ሲጮኽ ነው፤ ያኔ የሚያስበው እርስዎ ነዎት፣ ልጁ ይታዘዛል። ሜዳዎ ኮረኮንች ከሆነና ኳሷ የምትነጥር ከሆነ በየጎኑ ሁለት ሜትር ጨምረው ሦስተኛ ንክኪ ይፍቀዱ።

ከትልልቆቹ ጋር ለማሰለፍ ከወሰኑ ከልምምድ ይጀምሩ። በሳምንት አንድ ቀን ከእነሱ ጋር፣ የቀረውን ከእኩዮቹ ጋር፤ እኩዮቹ መካከል መሪ መሆንንም መልመድ አለበት። ሦስትና አራት ሳምንት እንዳለፈ በጨዋታ የመጨረሻ 15 እና 20 ደቂቃ ያስገቡት፣ መሃል ሳይሆን መስመር ላይ። መስመር ላይ ግጭት የሚመጣው ከአንድ ወገን ነው። ቅዳሜ ለታዳጊው፣ እሑድ ለትልልቆቹ ሙሉ ጨዋታ የሚባል ነገር አይኑር።

ድካሙን በቁጥር ይያዙት። ከልምምድ ግማሽ ሰዓት በኋላ «ከ10 ስንት ከበደህ?» ብለው ይጠይቁትና በደቂቃው ያባዙት። 90 ደቂቃ ሰርቶ 7 ካለ 630 ነው። የሳምንቱን ይደምሩ። ያለፈው ሳምንት 1800 ነበር እንበል። በዚህ ሳምንት ከትልልቆቹ ጋር 60 ደቂቃ ተጫውቶ 9 ካለ 540 ይጨመራል፣ 2340 ይሆናል፤ በአንድ ሳምንት 30 በመቶ ዘለለ። ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ እንዳይዘል ስለሚፈለግ በዚያው ሳምንት አንድ የ60 ደቂቃ ልምምድ፣ ክብደቱን 6 የሚለውን፣ ማለትም 360፣ ይሰርዙለት፤ 1980 ይሆናል። ወላጆቹንም ስለ እንቅልፉ ይጠይቁ፤ ስምንት ሰዓት የማይተኛ ልጅ ላይ ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱ ወይም ተረከዙ አሁንም ካመመው ያ ሳምንት ጨዋታ የለም።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ይዩት። ግብ ማግባቱን ይተዉት፤ ኳስ ሲጠፋበት ቀጥሎ የሚያደርገውን ይመልከቱ። እንደገና መሃል ሰዎቹ መካከል ገብቶ እጁን እያነሳ ኳስ ከጠየቀ ደቂቃውን ወደ ግማሽ ሰዓት ያሳድጉለት። ከመስመሩ ጥግ ተለጥፎ ኳስ በመጣች ቁጥር ወደ ኋላ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ለሁለት ወር ወደ እኩዮቹ ይመልሱት፤ ቅጣት እንዳይመስለውም ከእነሱ ጋር የመሪነቱን ክንድ ማሰሪያ ያስሩለት።